ውጅግራ፣ ምንሽርና ወንጭፍ፤ በግሽ ዓባይ አገር የሰብል ጠባቂው የጠመንጃና የጥይት አመራረጥ

በጎጃም ስለ ጠመንጃ የሚነገረውና የሚፎከረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሽፍትነትና ስለ ደም መመለስ ነው። ጠመንጃ የጀግና ጌጥ፣ የርስት አጥር፣ የሠርግና የለቅሶ ክብር እንደ ሆነ ማንም ያውቃል። ነገር ግን ይኸው ጠመንጃ በሰኔ ዘር ከተዘራ እስከ ኅዳር እሸቱ እስኪደርቅ ድረስ ከዝንጀሮ፣ ከከርከሮና ከቀበሮ ጋር በሚደረገው የየዓመቱ ትግል ምን ድርሻ እንደ ነበረው የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ጉዳይ ይህ ነው፤ ይኸውም ከግሽ ዓባይ ምንጭ ጀምሮ ቁልቁል እስከ ቡሬና እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር የሚኖረው ገበሬ በየዘመኑ ምን ዐይነት ጠመንጃና ጥይት ያገኝ እንደ ነበር፣ ካገኘውም ውስጥ ለአውሬ የሚሻለው የትኛው እንደ ነበር፣ ጠመንጃ በእጁ እያለም ስለ ምን ወንጭፉን እንዳልጣለ ለመረዳት መሞከር ነው።

አስቀድሞ ስለ አገሩና ስለ ጠላቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ግሽ ዓባይ በሰከላ ደጋ ላይ ያለ ነው፤ የሚዘራበትም ገብስ፣ ባቄላና ድንች ነው። ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ሲወረድ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎና በርበሬ ይበዛል። በመካከሉ ፈጠምን፣ ብርንና ሌሎችንም ወደ ዓባይ የሚወርዱ ወንዞች ተከትሎ ገደልና ጫካ አለ፤ ዝንጀሮ የሚያድረው በዚህ ገደል ነው። ሲነጋ ይወጣል፣ እሸት ይሸለቅቃል፣ ሲመሽ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ጦጣ ከወንዝ ዳር ዛፍ ብዙ አይርቅም። ከርከሮው መሬት ይቆፍራል፤ ጃርት ደግሞ የሌሊት ሌባ ነው፣ ድንቹንና በቆሎውን ከሥሩ ነቅሎ ይሄዳል። ቀበሮ ሰብል አይነካም፤ የእርሱ ዐይን በግልገል ላይ ነው። ጅብን ሁሉም ያውቀዋል።

እነዚህ ጠላቶች አንድ ዐይነት አለመሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ የመሣሪያ ምርጫ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ጃርት በጨለማ ስለሚመጣ ጠመንጃ ለእርሱ ከንቱ ነው፤ በውሻ፣ በጦርና ጉድጓዱን በጢስ በማፈን ይታደናል። ዝንጀሮ ግን በቀን ይመጣል፣ በመንጋ ይመጣል፣ ጠባቂ ያቆማል፣ የሰውንም ነገር አጥብቆ ይመለከታል። ገበሬዎች ዝንጀሮ ወንድን ከሴት፣ ዱላን ከጠመንጃ ይለያል ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በልጅነቱ በፈጠም ዳር በቆሎ ሲጠብቅ የኖረ ስለ ሆነ ይህን አባባል ለመጠራጠር አይደፍርም።

የጠመንጃን ታሪክ ወደ ግሽ ዓባይ ስናመጣው መጀመሪያ የምናገኘው እንግዶችን ነው። ምንጩን በ1610 ዓ.ም. ያየው የእስፓኙ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደረሰ። ብሩስ ተኳሽነቱን ማሳየት የሚወድ ሰው ነበር። በጎንደር ሳለ ከአንድ መኰንን ጋር ተከራክሮ፣ በእርሳስ ፈንታ የሞራ ሻማ ቁራጭ በጠመንጃው ውስጥ አጉርሶ ሦስት ጋሻዎችን በአንድ ተኩስ እንደ በሳ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ራሱ ጽፎታል። ታሪኩ ለጨዋታ የሚነገር ቢመስልም ለእኛ ጉዳይ ትምህርት አለበት። አንድ ለስላሳ ነገር በቂ ፍጥነት ከተሰጠው ጋሻ እንደሚበሳ ያሳያል፤ ጥይት የሚሠራው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በፍጥነቱና በተሠራበት ነገርም ጭምር መሆኑን በሰከላ ያለው ገበሬ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በራሱ እርሻ ላይ የሚማረው ነበር።

በብሩስ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ አገሩ ውስጥ የነበረው በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ባሩድ ይፈስሳል፣ አረር ይገባል፣ በዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚተኮሰው። ባሩዱ ከድኝ፣ ከከሰልና ከጨው ባሩድ በአገር ውስጥ ይቀመም ነበር። እንዲህ ያለውን የሚዘገይ መሣሪያ ሕዝቡ ሲቀልድበት «ቆመህ ጠብቀኝ» ይለዋል። የሚገርመው ዝንጀሮ ቆሞ አለመጠበቁ ነው። መሣሪያውም ውድ፣ ባለቤቶቹም መኳንንትና ወታደሮቻቸው ስለ ነበሩ በዚያን ጊዜ ሰብል በጠመንጃ ይጠበቅ ነበር ማለት አይቻልም።

ለውጡ የመጣው በ19ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ በኋላው የሚጎርሰውን ሰናድር ይዞ መጣ፤ አፉ 14 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ነበረው። በ1868 ዓ.ም. ግብፆች በጉንደትና በጉራዕ ድል ሲሆኑ ብዙ ረሚንግተን ጠመንጃ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። ከዚያ ወዲህ በምጽዋ፣ በመተማና በጅቡቲ በኩል ነጋዴው የሚያመጣው መሣሪያ እየበዛ ሄደ። ጎጃም ግን በዚህ ንግድ ከሸዋ ወደ ኋላ የቀረ ነበር፤ ከባሕሩ በር ርቆ ነበርና። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በንጉሥ ምኒልክ ተሸንፈው ሲማረኩ የጎጃም ሠራዊት መሣሪያም አብሮ ተወሰደ። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ግን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከሠራዊታቸው ጋር ተሰልፈው ነበር፤ ከኢጣልያኖች የተማረከውም ጠመንጃ አብዛኛው 10 ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል የሆነ ቬተርሊ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ በሕዝብ አፍ የቀረው ግን የፈረንሳዩ ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት ሲሆን፣ ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የመጣ ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ለጦሯ ስትመርጥ አሮጌው ውጅግራ ለሽያጭ ወጣ፤ እጅግ ብዙውም ወደ ኢትዮጵያ መጣ። እንግዲህ የገበሬው መሣሪያ የተመረጠው በፓሪስ በጦር ሚኒስቴር ውስጥ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። ገበሬው የመረጠው ከተጣለው ውስጥ ነው።

ነገር ግን የተጣለው ሁሉ መጥፎ አልነበረም። ውጅግራ ባለ አንድ ጥይት ነው፤ አፉ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱ 25 ግራም የሚመዝን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ራቁት እርሳስ ነው፤ በጥቁር ባሩድ ተገፍቶ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ ለዛሬ ተኳሽ ዘገምተኛ ነው። ሲተኮስም የሚወጣው ጢስ ተኳሹን ይሸፍነዋል፣ ሰደፉ ትከሻን ይመታል፣ ጥይቱ ሩቅ ሲሄድ በብዙ ስለሚወድቅ ርቀት መገመትን ይጠይቃል። በጦርነት እነዚህ ሁሉ ጉድለቶች ናቸው። በበቆሎ ማሳ ዳር ግን ነገሩ ይለወጣል። ለስላሳው እርሳስ አጥንት ሲመታ ይደፈጠጣል፣ ኀይሉን በአውሬው ውስጥ ይጨርሳል፤ ከርከሮ በአንድ ምት ይወድቃል። ድምፁ ገደሉን ስለሚያስተጋባው፣ ባይመታ እንኳ የዝንጀሮ መንጋ ለዚያ ቀን አይመለስም። ጢሱም ቢሆን ዝንጀሮ መልሶ ስለማይተኩስ የሚጎዳው ነገር የለም።

ከዚህም በላይ ትልቁ ጥቅም ቀለሁ ነበር። የውጅግራ ቀለህ ወፍራም ናስ ነው፤ ከተተኮሰ በኋላ ባዶው ተለቅሞ ጥቁር ባሩድና እርሳስ ሊሞላበት ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ጥይት በሚጠፋበት ጊዜ ይህ ማለት በጠመንጃና በብረት ዘንግ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። የጥይት ውድነት ምን ያህል እንደ ነበር ለመረዳት በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት ከማሪያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጎን እንደ መዘርዝር ገንዘብ ይሠራ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። ዝንጀሮ ላይ የሚተኩስ ሰው በርግጥ ገንዘብ ይተኩሳል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አንድ አባወራ ዝናሩን ሙሉ አድርጎ ይዞ፣ ልጁን በወንጭፍና በጅራፍ ወደ ማማ ቢልከው ንፉግነት አይባልም። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ዝንጀሮ ቢሞት መንጋው አያልቅም፤ ጥይቱ ግን ያልቃል።

የአቅራቢው አያት አንድ ውጅግራ ነበራቸው። በቅቤ ተወልውሎ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር፤ የሚወርደውም ለዘመድ ለቅሶ፣ ለሠርግና ለጥምቀት ነበር። በአንድ ክረምት ብቻ ከርከሮ ማሳውን በሦስት ሌሊት ሲጨርሰው ለዚህ ሥራ እንደ ወረደ ትዝ ይላል። ይህን የምንጠቅሰው የሌላውም ቤት ልማድ እንዲሁ ስለ ነበረ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዐይነት እንለፍ። ለቤል 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጢስ በሌለው ባሩድ ከሚሠሩት የጦር ጠመንጃዎች የመጀመሪያው ነው። ከእርሱ ጋር አንድ ዘመን ያፈራቸው የኦስትሪያው ማንሊኸር፣ የጀርመኑ ማውዘር፣ የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድና የኢጣልያው ካርካኖ ናቸው። ምንሽር የሚለው ስም ከማንሊኸር እንደ መጣ ይነገራል፤ ሕዝቡ ግን ልዩ ልዩ ባለ ብዙ ጥይት ጠመንጃዎችን በዚሁ ስም ሲጠራ ይሰማል። ከቤልጅግ አገር የመጣውን ማውዘር ደግሞ በአገሩ ስም ቤልጅግ ይለዋል፤ ይህ 7.92 ሚሊ ሜትር ያለው ሲሆን፣ ከ1928ቱ ወረራ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት መንግሥት ለሠራዊቱ የገዛው ነው።

እነዚህ ሁሉ አፋቸው ጠባብ፣ ጥይታቸው ቀላልና ፈጣን ነው። ካርካኖው 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጥይቱ 10 ግራም ተኩል ሲሆን በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይሄዳል። ማንኛውም ሰው ሁለቱን ዐይነት አጠገብ ለአጠገብ ቢያያቸው አዲሱን ይመርጣል፤ ሩቅ ይመታል፣ አይጤስም፣ አምስት ወይም ስድስት ጥይት በአንድ ጊዜ ይጎርሳል። ለአውሬ ግን አዲሱ የተሻለ መሆኑ ያጠራጥራል፤ ምክንያቱም ልባሱ ነው።

እርሳስ በዚህ ፍጥነት ሲሄድ በበርሜሉ ውስጥ ስለሚላጥ፣ በመዳብ ወይም በኒኬል ልባስ መሸፈን ነበረበት። የተሸፈነ ጥይት አይደፈጠጥም፤ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ያልፋል። እንግሊዞች በሕንድ አገር ዱም ዱም በተባለ ስፍራ አፍንጫው የተገለጠ ጥይት ሠርተው ነበር፤ ነገር ግን በ1899 እ.ኤ.አ. በሔግ የተሰበሰቡት መንግሥታት ሰውነት ውስጥ የሚዘረጋ ጥይት በጦርነት እንዳይሠራበት ከለከሉ። ክልከላው ለሰው ልጅ መልካም ነው። የሚያስገርመው ግን በሔግ የተፈረመው ቃል በግሽ ዓባይ ባለ ከርከሮ ላይ ያመጣው ውጤት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያለ አዳኝ ለአደን የተሠራ ለስላሳ አፍንጫ ያለው ጥይት ከሱቅ ይገዛል፤ የጎጃም ገበሬ ግን የሚያገኘው ከጦር ሜዳ የተረፈውን ሙሉ ልባስ ያለውን ብቻ ነው። በዚህ የተመታ ከርከሮ ወይም ዝንጀሮ ቆስሎ ይሸሻል፣ በገደል ውስጥ ቀናት ቆይቶ ይሞታል፤ ጥይቱም አልፎት ይሄዳል። የቤልጅግ ጥይት ወደ ላይ ያዘነበለ አፈሙዝ ከለቀቀው ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። በተራራ ጎን ቤት ከቤት በላይ በተሠራበት፣ እረኛ በየጉብታው በተቀመጠበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለአንድ ዝንጀሮ የተተኮሰ ጥይት ሰው ቢመታ ደም ያመጣል፤ ደምም በጎጃም ከአንድ ዓመት አዝመራ ይልቅ ይከብዳል።

ስለ ለስላሳው ጥይት ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ኢጣልያ፣ ኢትዮጵያውያን ዱም ዱም ይተኩሳሉ ስትል ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ክስ አቅርባለች። ይህን ክስ ስታቀርብ ራሷ የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን ታዘንብ ነበር።

በእርግጥ ለዚህ ሥራ የተስማማ መሣሪያ በዓለም ላይ አልጠፋም ነበር። በሌላ አገር ቀበሮና መሰል ጥቃቅን አውሬ የሚያስቸግራቸው ገበሬዎች ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ .22 ሆርኔት የተባለውን፣ ከ1950 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ .222 ረሚንግተንን ይዘዋል። የኋለኛው ጥይት ከሦስት ግራም ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሲሆን በሴኮንድ ከ950 ሜትር በላይ ይሄዳል። እጅግ ቀላልና ልባሱ ስስ ስለ ሆነ ሲመታ ይበጣጠሳል፤ መሬት ቢነካም ነጥሮ ሩቅ የመሄዱ አደጋ ከከባዱ ጥይት ያነሰ ነው። ሐሳቡ ከብሩስ የሞራ ሻማ ብዙም አይርቅም። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ግን በጎጃም ገበያ የገበሬ መሣሪያ ሆኖ አልታየም፤ ቢታይም ገዢ አያገኝም ነበር። ጠመንጃ የሚገዛ ገበሬ የሚያስበው ስለ ቀበሮ ብቻ አይደለምና። በዳኝነት የተረታበት ጎረቤቱ፣ በመንገድ የሚጠብቀው ሽፍታ፣ ግብር የሚጨምርበት ሹም፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ወራሪ ሁሉ በአንድ በርሜል እንዲመለሱለት ይፈልጋል። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች እንደሚባለው ዝንጀሮ፣ እርሱም መጀመሪያ የሚያስቀድመው ራሱንና ርስቱን ነው።

ይህም ፍርሃት ከንቱ አለመሆኑን አምስቱ የወረራ ዓመታት አሳይተዋል። በጎጃም እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ የመሩት ተጋድሎ የተጀመረው በቤት ውስጥ በነበረው አሮጌ መሣሪያ ነው። ዝንጀሮ ላይ ያልባከነው ጥይት በዚያን ጊዜ ዋጋውን አገኘ ማለት ይቻላል። በ1933 ዓ.ም. ጌዴዎን የተባለው ጦር ከሱዳን ተነሥቶ ቡሬንና ደምበጫን አልፎ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ ኢጣልያኖች ጥለውት የሄዱት ካርካኖና ጥይቱ በአገሩ ተበተነ። ጥይት ርካሽ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው፤ በሰብል ዳር የጠመንጃ ድምፅ መደጋገም የጀመረውም ከዚህ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ ለውጥ ጋር ተያይዞ መነገር ያለበት የቀበሮ ነገር ነው። በእኛ አገር ሕዝብ ቀበሮ የሚለው ከአንድ በላይ አውሬ ነው። አንደኛው በየቆላውና በየወይና ደጋው የሚገኘው፣ ግልገል የሚወስደው ግራጫው ነው። ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ነው ሲሉ ኖረው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ የዘር ጥናት የአፍሪካ ተኩላ መሆኑ ታውቋል። ሁለተኛው በደጋ ጫፍ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ነው። ጀርመናዊው ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ከስሜን ባመጣው ናሙና ለሳይንስ አስተዋውቆታል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ይህ ቀይ ቀበሮ አንዳንድ ጊዜ ግልገል ይነካ ይሆናል፤ ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው፤ ማለትም የገብሱንና የሣሩን ጠላት የሚበላ የገበሬ ረዳት ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚያነጣጥር ሰው ግን በስም የማይለያቸውን ሁለት አውሬዎች በጥይት ይለያቸዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ከግሽ ዓባይ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለው በጮቄ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር፤ አሁን ከዚያ ጠፍቷል። ያጠፋው ጠመንጃ ብቻ ነው ማለት እውነትን ማጣመም ይሆናል፤ ዋናው ምክንያት እርሻና ግጦሽ እየወጣ እስከ ተራራው ጫፍ መድረሱ ነው። ሆኖም ጥቂት ቀርቶ በነበረ ዘር ላይ እያንዳንዱ ጥይት የሚያደርሰው ጉዳት ትልቅ እንደሚሆን ግልጽ ነው። የአራዊት ጥበቃ ሕግ በ1944 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር፤ ቀይ ቀበሮም በኋላ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በወጡት ደንቦች እንዳይገደል ተከልክሏል። ሕጉ በአዲስ አበባ ተጽፎ ጮቄ እስኪደርስ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ዛሬ በመላ አገሪቱ ያሉት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል።

ሹማምንቱ የገበሬውን ጠመንጃ የተመለከቱት በሌላ ዐይን ነው። ለእነርሱ ጠመንጃው የሰብል መጠበቂያ ሳይሆን የሸፈተ ሰው መተማመኛ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ጎጃም እንዳመፀ፣ መንግሥትም በአውሮፕላን ጭምር እንደ ወጋው፣ በመጨረሻም ግብሩን ለማስቀረት እንደ ተገደደ የታወቀ ታሪክ ነው። ስለዚሁ ዐመፅ ያጠኑ ጸሐፊዎች ከግብሩ በፊት የነበሩትን ቅሬታዎች ሲዘረዝሩ፣ በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ አስተዳደር የተጀመረውን የጦር መሣሪያ ምዝገባና ክፍያውን ይጠቅሳሉ። ገበሬው ምዝገባውን የመውረስ መጀመሪያ አድርጎ ተረጐመው። እዚህ ላይ ፍርዳችንን ብንሰጥ፣ መንግሥት ጠመንጃ ለመቍጠር መፈለጉ የማንኛውም መንግሥት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጠመንጃውን ሲቈጥር ከርከሮውን ማን እንደሚመልስለት ለገበሬው አልነገረውም። ፈቃድና ክፍያ የተጠየቀበት አንድ መሣሪያ ነው፤ የሠራበት ግን ቢያንስ ሦስት ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሽንኮቭ በየቤቱ ገባ። አፉ 7.62 ሚሊ ሜትር፣ ጥይቱ ስምንት ግራም ያህል፣ ፍጥነቱ ከቤልጅግ ያነሰ ነው፤ ሙሉ ልባስ ያለው የጦር ጥይት በመሆኑ ግን ከአውሬ አንጻር የምንሽር ጉድለት ሁሉ አለበት፣ በዚያ ላይ ሠላሳ ጥይት በአንድ ካርታ ይይዛልና ሳይነጣጠር መተኮስን ያስለምዳል። ውጅግራ ያለው ሰው ጥይቱ አንድ ስለ ነበረ ያስብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ወጣ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ ጦርነት ተነሥቶ፣ ጠመንጃ ይዞ በማሳ ዳር መታየት ከዝንጀሮው ይልቅ ለባለቤቱ የሚያሰጋ ሆነ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተለወጠው መሣሪያ ወንጭፍ ነው። ገመዱ ከቃጫ ወይም ከቆዳ ይሠራል፤ ጥይቱ ከወንዝ ይለቀማል፣ አይቈጠርም፣ አይመዘገብም። ጥሩ ወንጭፈኛ ልጅ መቶ ሜትር ያህል ርቆ የተቀመጠውን አውራ ዝንጀሮ ከጉቶው ያስነሣዋል። ጅራፉም ሲጮኽ የጠመንጃን ድምፅ ይመስላል። ጉድለቱ ሰው የሚፈልግ መሆኑ ነው፤ ከጧት እስከ ማታ፣ ከነሐሴ እስከ ኅዳር፣ ዝናብ ቢዘንብም ማማው ላይ የሚቀመጥ ሰው። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በመስከረም ይከፈታል። ከአቅራቢው ጋር በፈጠም ዳር ከጠበቁት ልጆች መካከል ሁለቱ መስከረም ባለፈ ቍጥር በቆሎው እስኪሰበሰብ እየቀሩ፣ በሦስተኛው ዓመት ጨርሰው ትምህርቱን ተዉ። በዚያው መንደር በየምሰሶው የተሰቀለው ጠመንጃ በዚያን ጊዜ ከአሥር አያንስም ነበር።